ተሸካሚዋ

«ልጁማ የሮስ ነው» አለች እናቷ። «ቬርለማ ተሸካሚ ናት።»

ቬርለ ደረጃው መሀል ላይ ቆመች። በአንድ እጇ የዳቦ ከረጢት ይዛለች፣ በሌላው የደረጃውን መደገፊያ። እናቷ ጎደሊቭ ሰው በመጣ ቁጥር መነሳት ስለሚያታክታት ጠዋት ጠዋት የፎቁን በር ገርበብ አድርጋ ነው የምትተወው፤ ስለዚህ ማእድ ቤት ውስጥ የሚወራው ሁሉ እስከ ታችኛው በር ድረስ ይሰማል። አብራት ያለችው የጎረቤቷ ጆርጀት እንደሆነች ቬርለ በሳሏ አወቀች። ጆርጀት ነገሩ አልገባትም መሰለኝ፣ «እንዴት ሆኖ?» አለች። እናቷም ወጥ አሠራር እንደምታስረዳ ሰው ሳትቸኩል አስረዳቻት። እንቁላሉ የሮስ ነው። ዘሩ የዋነስ ነው፣ የቬርለ ባል። ሐኪሞቹ ሁለቱን ብልቃጥ ውስጥ አገናኟቸው፣ አምስት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ አምጥተው ቬርለ ማህፀን ውስጥ አስቀመጡት። «ደሙን ከጠየቅሽኝ የሮስ ደም ነው። ቬርለ ምን አላት? ቦታ ብቻ።» ጆርጀት ሳቋንና ሳሏን ቀላቅላ፣ «ኧረ ጉድ! በኛ ጊዜ እኮ መብራት ማጥፋት ብቻ ነበር» አለች፤ ሁለቱ ሴቶች እንደ ልጃገረድ ተንከተከቱ።

ቬርለ ዘልቃ ገብታ «እንዴት አደራችሁ» ማለት ትችል ነበር። ወይም ዳቦውን ደረጃው ላይ ጥላ መሄድ። ሁለቱንም አላደረገችም። ጫማዋን እንዳይሰማ እያነሳች ጥቂት ደረጃ ወረደች፣ ከዚያ ዞራ እግሯን እየጣለች፣ ጉሮሮዋን እየጠራረገች እንደ አዲስ ወጣች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። በገዛ እናቷ ቤት እንደ ሌባ ስትወርድና ስትወጣ ራሷን ታዘበች፤ ፊቷ ጋለ፣ ግን እግሯ አልቆመም።

ማእድ ቤቱ ጠባብ ነው። ባለ አበባ ላስቲክ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ግማሹን ይይዘዋል፤ በመስኮቱ የድሮው ወደብ መጋዘኖችና ዝናብ የዋለበት የጡብ ግድግዳ ይታያሉ። ጋን ከተማ ከጥቅምት ወዲህ ፀሐይ ያየች አይመስልም። ጎደሊቭ ለምሳ የሚሆን የቲማቲም ሾርባ ጥዳ፣ የተፈጨ ሥጋ በእጇ እያድቦለቦለች ትንንሽ ኳስ እየሠራች ነበር። ቬርለ የሥጋው ሽታ ስላቅለሸለሻት በአፏ መተንፈስ ጀመረች። እናቷ ስለ ባሮ ሽንኩርት ዋጋ አወራች፤ ሁለት ዩሮ ከሰማንያ ለሦስት ቀጫጭን እንጨት! ዘራፊዎች ናቸው አለች። ጆርጀት ተስማማች፣ ተነሳች፣ ሹራቧን አስተካከለች፣ ወጪ ስትል ቬርለን ከላይ እስከ ታች አይታ ሆዷ ላይ ቆመች። «እንኳን ደስ አለሽ እንግዲህ» አለቻት። ከዚያ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሮስ መኝታ ቤት በር ሄደ።

ሮስ ፀጉሯን በፎጣ እያደራረቀች ወጣች። ከእህቷ አሥራ አንድ ዓመት ታንሳለች፤ ፀጉር ሠሪ ናት፣ ሰኞ ሰኞ ሱቃቸው ዝግ ነው። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ፣ አብሯት ይኖር ከነበረው ሰው ከተለያየች ወዲህ፣ የልጅነት ክፍሏ ውስጥ የልጅነት አልጋዋ ላይ ነው የምትተኛው። «ደርሰሻል? የሆስፒታሉ ሰዓት ገና ነው እኮ» አለች። እናትየው ከሥጋው ላይ ቀና ሳትል «ሮስዬ፣ ሳትበዪ እንዳትወጪ። ኮትሽንም ልበሺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» አለች። ቬርለ ኮቷን አላወለቀችም፤ ማንም አውልቂ አላላትም። ሮስ የዳቦውን ጫፍ ቆርሳ ጎረሰችና፣ «ነይ እንሂድ፣ ትራሙ ያመልጠናል» አለች።

ትራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቬርለ እራሷ የትራም ነጂ ናት፤ ካረገዘች ወዲህ ቢሮ አስቀምጠዋታል እንጂ አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሐዲድ ላይ ነድታለች፤ ስለዚህ ነጂው መታጠፊያ ላይ ሲዘገይ የሷም ቀኝ እግር ሳታውቀው ወለሉን ይጫናል። ሮስ ይህን እያየች ትስቃለች። ዛሬም ሳቀች። «ፍሬን ያዝሽለት?» አለቻት። ቬርለ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ደረጃ ላይ የሰማችውን ለመናገር አፏን ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ምን ብላ ትጀምራለች? «እማዬ ልጁ ያንቺ ነው ትላለች» ብትላት ሮስ ምን እንድትመልስ ነው? አይደለም ብትል ውሸት ይመስላል፤ ነው ብትልስ? እህቷን ሰርቃ አየቻት። ያ የሮስ አፍንጫ፣ ያ የሮስ አገጭ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት የሮስን ፊት ስታይ እህቷን ብቻ ነበር የምታየው፤ ሕክምናው ከተጀመረ ወዲህ ባሉት ሰባት ሳምንታት ግን ባየቻት ቁጥር ሰው እንደሚገዛው ዕቃ የምትመረምራት ይመስላታል፤ ታፍራለች።

ሮስን የጠየቀቻት ቬርለ አልነበረችም። ሐኪሞቹ «የርስዎ እንቁላል አልቋል» ካሏት በኋላ በአንድ እሑድ ምሳ ላይ እናትየው ድስቱን እያወጣች «ሮስ ትሰጥሻለች፣ ምን ችግር አለው» አለች፤ ካንዱ ሳህን ወደ ሌላው ድንች እንደማዛወር አቅልላ። ሮስ አፏ ሙሉ ነበር። ዋጠችና «እሺ» አለች። ዋነስ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አቀፋት። ቬርለም አለቀሰች። ማልቀሷ እውነት ነበር። ግን ያ መጠየቅ እንዳልሆነ ያኔም ገብቷታል፤ አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን እራሴ እጠይቃታለሁ ብላ አስባ ነበር። ከዚያ ከረጅም ምርመራና ወረፋ በኋላ እንቁላል የሚያበዛው መርፌ ተጀመረ፣ ሮስ ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆነ፣ እንቁላሎቹ ወጡ፣ ነገሩ አለፈ፣ ሳትጠይቃት ቀረች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ማረፊያው ሞቅ ያለ ነው፤ ጥንዶች እርጥብ ጃንጥላቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። ዋነስ በሚሠራበት ወደብ ፈረቃ ለመቀየር ሞክሮ አልተሳካለትም። ለዚያ ነው ሮስ የመጣችው፤ «እኔ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ምን ሥራ አለኝ» ብላ በራሷ ፈቃድ። ስሟ ሲጠራ ቬርለ ተነሳች። ሮስ ግን እንደ ተቀመጠች ቀና ብላ «ልግባ?» አለቻት። «ግቢ እንጂ» አለች ቬርለ፤ ድምፅዋ ግን ከፈለገችው በላይ ደረቅ ብሎ ወጣ።

ክፍሉ ከፊል ጨለማ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ እንደሚቀዘቅዝ ተናግራ አስቀድማ ይቅርታ ጠየቀች። ሮስ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ኮቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ስክሪኑ መጀመሪያ የዝናብ ደመና ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ ደመናው መሀል ጥቁር ባቄላ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ውስጡ ነጭ ቀለበት አለ። «ይሄ የአስኳሉ ከረጢት ነው፣ ለጊዜው የሚመገበው ከዚህ ነው» አለች ሐኪሟ። ከቀለበቱ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር አለ። ራስ የለው፣ እጅ የለው፤ እጅ የሚሆነው ቦታ ላይ ገና እንደ ቡቃያ ያበጠ ነገር ብቻ። መሀሉ ላይ ግን አንድ ነጥብ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል።

«ልብ አለ» አለች ሐኪሟ።

ቬርለ አልጋው ላይ እንዳለች እንባዋ በጎን ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ። ቀና ብላ ሮስን ፈለገቻት። ሮስ ከወንበሩ ተነስታ ወደ ስክሪኑ ቀርባ ነበር፤ አፏ ከፈት ብሏል፤ አንድ እጇን አንስታ አየሩ ላይ ትታዋለች። ቬርለ ያንን እጅ ስታይ ደስታዋ መሀል አንድ ቀዝቃዛ ነገር ገባ። እናቷ ትክክል ብትሆንስ? የገዛ ልጇን የምታየው ሮስ ብትሆንስ?

ሐኪሟ ግን ፈገግ አላለችም። መስመር አስምራ ለካች፣ ደግማ ለካች። ወንበሯን ወደ ቬርለ አዞረችና ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እዚያው አቆመችው። «ልቡ ይመታል፤ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ቀርፋፋ ነው። በደቂቃ ዘጠና። በዚህ ጊዜ ከመቶ ሃያ በላይ ብናይ ነበር ደስ የሚለን። መጠኑም በጥቂት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሊፈጥን ይችላል። ሊቆምም ይችላል። አሁን የቱ እንደሚሆን ማንም ሊነግርዎት አይችልም። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ተመልሰው ይምጡ።»

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለች ቬርለ። «ቅዳሜ ዕቃ አንስቻለሁ። የውሃ ጠርሙስ ሳጥን። ሁለት ነበር።»

ሐኪሟ እጇን ክንዷ ላይ አደረገች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። «ምንም አላጠፉም። ይሄን በደንብ ይስሙኝ። በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከመነሻው ነው፤ እንቁላሉና ዘሩ ሲገናኙ ከሚሆን ስህተት። እርስዎ ያነሱት ዕቃ፣ የበሉት፣ ማህፀንዎ፣ ዕድሜዎ አይደለም። እርስዎ ጥፋት የለብዎትም።»

ቬርለ የታፈነ ትንፋሿን ለቀቀች። ለአንድ አፍታ እፎይ አለች፤ እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም። ከዚያ ከጥጉ የወንበር መጎተት ተሰማ። ሮስ ኮቷን ይዛ በሩን ስትከፍት፣ የመተላለፊያው ብርሃን ክፍሉ ውስጥ ሲገባ፣ በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየች። ሐኪሟም አየች። እንቁላሉ የእህትየው መሆኑ ፋይሉ ላይ መጻፉን ያኔ ነው ያስታወሰችው መሰለኝ፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ቬርለ ሮስን የትራም መጠለያው ሥር ዝናቡን እያየች ቆማ አገኘቻት። ትራሙ ሞልቶ ነበር፤ ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ከፊታቸው ሁለት ጎረምሶች ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ሮስ መስኮቱን እያየች፣ «ጥፋቱ የኔ እንቁላል ነው ማለቷ ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ቬርለ ያኔውኑ አይደለም ማለት ነበረባት። ዘርም አለ፣ ዋነስም አለ፣ ዕድልም አለ፤ ሐኪሟ ገና አልቆመም ብላለች። ይህ ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያ እፎይታ ገና ደረቷ ላይ እንደ ሞቀ ነው፤ ከሱ ለመለየት አልቻለችም። ትራሙ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ተነሳ። በስተመጨረሻ «እንደዛ ማለቷ አይደለም» ስትል አንድ ፌርማታ አልፎ ነበር።

ጎደሊቭ ጠረጴዛውን አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ሦስት ሳህን፣ የወጣው የዘወትር ሳይሆን ጠርዙ ወርቃማው። በሩ ላይ ቆማ «እህስ?» አለች።

«ልቡ ይመታል» አለች ሮስ፤ ጫማዋን ለማውለቅ አጎነበሰች።

እናትየው «ተመስገን» ብላ አማተበች። ከዚያ አፏ ተከፈተ። ወንድ ከሆነ ስሙ የአያትየው ይሁን፣ ሴት ከሆነች እንጃ። አፍንጫው ብቻ የሮስ ይሁንለት፤ የዋነስን አፍንጫ የያዘ እንደሆነ ጃንጥላ መስቀያ ነው። ሮስ ስትወለድ ፀጉሯ እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ ቬርለ? ያንን ፀጉር ይውሰድ። ሾርባውን እያወጣች ነበር የምታወራው፤ የሮስ ሳህን ውስጥ የሥጋ ኳሱን አከታትላ ጨመረች፣ ለቬርለም ጨመረች፣ ከዚያ ተቀመጠች። ሬዲዮው የመንገድ መጨናነቅ ያወራል። ቬርለ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ አዟዟረች። እናቷ አየቻት።

«ብዪ እንጂ። አደራ ነው እኮ የያዝሽው። የሰው ነገር ሲሆን ከራስሽ ይበልጥ ነው የምትጠነቀቂው። በትራም መሄዱንም ብትተዪው ይሻላል፤ ያንቀጠቅጣል።»

ቬርለ ማንኪያውን ሳህኑ ጎን አስቀመጠችው። 

«እማዬ፣ ጠዋት ደረጃ ላይ ነበርኩ» አለች።

«የቱ ደረጃ?»

«እዚሁ። ለጆርጀት ስትነግሪያት ነበርኩ። ተሸካሚ ናት ስትያት። ቦታ ብቻ ነው ያላት ስትያት።»

የጎደሊቭ አንገት ቀላ። «ጆርጀት እኮ... ጆርጀት ሳይንስ አይገባትም። እንዲገባት ብዬ አቅልዬ ነው የነገርኳት። ደግሞ ደረጃ ላይ ቆሞ መስማት ምን የሚሉት ነው?»

«ልቡ ቀርፋፋ ነው» አለች ቬርለ። «በደቂቃ ዘጠና። ሐኪሟ እስከ ሰኞ ሊቆም ይችላል ብላለች። አንድ ነገር ንገሪኝ። ሰኞ ቢሞት፣ የሞተው የማን ልጅ ነው?»

ማእድ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮው ማውራቱን ቀጠለ። ወደ ብራስልስ የሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና ተገልብጧል፤ ሰው አልተጎዳም። ጎደሊቭ መጀመሪያ ቬርለን አየች፣ ከዚያ ሾርባውን፣ ከዚያ እርዳታ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሮስ ዞረች። ሮስ ቀና አላለችም። ጣቷን ላስቲኩ ላይ ባለው የአበባ ሥዕል ዙሪያ እያዞረች ነበር።

«አሥር እንቁላል ነው ያወጡልኝ» አለች ሮስ ዝግ ብላ። «አሥሩንም አገናኟቸው። በሁለተኛው ቀን ስድስት ቀሩ። በአምስተኛው ቀን አንድ። ደውለው ነገሩን፤ አንቺም እዚሁ ነበርሽ እማዬ፣ ድንች ትልጪ ነበር። ዘጠኙ ብልቃጡ ውስጥ ሲቀሩ የማን ልጆች ነበሩ? የኔ ነበሩ? አልቅሰሽላቸዋል? እኔ ልጅ አልሰጠሁም። የሰጠሁት እንቁላል ነው። ልጅ ነው ካልሽኝማ...» ጣቷ አበባው ላይ ቆመ። «ልጅ ነው ካልሽኝ እኔ ሰባት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የማልተኛው በከንቱ አይደለም ማለት ነው። ተዪኝ። እባክሽ ተዪኝ።»

ጎደሊቭ ተነሳች። ማንም ያልነካውን ሾርባ ሳህን በሳህን ወደ ድስቱ መለሰች፤ ኳሶቹ እየተንቦራጨቁ ሾርባው ልብሷን ነካው። ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ይህች ሴት ባሏ ሲሞት እንኳ ወሬ ያላቋረጠች፣ ቀብር ላይ ስለ አበባው ዋጋ ያወራች ናት፤ ልጆቿ ዝም ስትል አያውቋትም። «እኔ እኮ ሁለታችሁንም...» ብላ ጀመረች። ሳትጨርሰው ቧንቧውን ከፈተችው።

ቬርለ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ታችኛው በር ጋ ስትደርስ ከኋላዋ እግር ሰማች። ሮስ በካልሲ ብቻ ወርዳ ነበር። ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ፣ በፖስታ ሳጥኑና በጆርጀት ብስክሌት መሀል ቆሙ።

«ሰኞ አልመጣም» አለች ሮስ። «ይከፋሻል፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ሳየው... ስክሪኑ ላይ ሳየው ልወደው ነው ብዬ ፈራሁ። ወዲያው ደግሞ ሐኪሟ ስትናገር የገደልኩት እኔ መሰለኝ። ሁለቱንም ባንድ ቀን አልችልም ቬርሊ። ከዋነስ ጋር ሂጂ።»

«እሺ» አለች ቬርለ። በሩን ልትከፍት እጀታውን ይዛ ቆመች። ለሁለት ዓመት ያልወጣው ነገር አሁን፣ ቦታው ሳይሆን፣ ብስክሌት ተደግፋ እያለች መጣ። «እኔ አልጠየቅኩሽም።»

«ምን?»

«ያን ጊዜ። የጠየቀችሽ እማዬ ናት። እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።»

«አውቃለሁ» አለች ሮስ። «ጠብቄሽ ነበር። መርፌው እስኪጀመር ድረስ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነው የፈራሁት።»

«እል ነበር?» አለች ሮስ፤ ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር። ጥቂት አሰበች። «እኔ እንጃ። ምናልባት እሺ እል ነበር። አሁንማ በምን ይታወቃል?» ካልሲዋ ርሶ ነበር፤ አንዱን እግሯን ባንዱ ላይ ደረበች። ቬርለ አቀፈቻት። ሮስ ወዲያው አላቀፈቻትም፤ ክንዶቿ ተንጠልጥለው ቆዩ፤ ከዚያ አንዱ ተነስቶ የእህቷን ጀርባ ያዘ። ያን ያህል ብቻ ነው የሆነው።

ዋነስ ከወደቡ ሲመለስ ቬርለ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ቢጫ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ የናፍጣና የዝናብ ሽታውን እንደያዘ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገረችው፤ የእናቷን፣ የሐኪሟን፣ የሮስን፤ ያን የእፎይታዋን ነገር ሳይቀር። ዋነስ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሰምቶ ሲጨርስ «ዘጠና ምን ያህል ነው?» አላት። የግድግዳውን ሰዓት እያየ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታ ጀመር፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቀዝቀዝ እያደረገ እስኪስተካከልለት ድረስ። ከዚያ ሁለቱም ያንን ምት አዳመጡ። «ይሄ እኮ ያን ያህል ቀርፋፋ አይደለም» አለ ዋነስ። «ይሄ ደህና ነው።» ጠረጴዛውን መምታቱን አለማቆሙን ያወቀችው ትንሽ ቆይታ ነው። እሷም አቁም አላለችውም።

ሲመሻሽ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ነበረች። ሰላም አላለችም።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?»

«ለምን?»

«ልመጣ ነዋ። ሮስ እንደማትሄድ ነግራኛለች።»

«ዋነስ አለ» አለች ቬርለ። «ፈረቃ ለውጧል።»

«ይኑር። እኔ የምመጣው ላንቺ ነው።» ጎደሊቭ ብዙ የምትለውን መልሳ ዋጠች። «ውጪ ተቀመጪ ካልሽኝ ውጪ እቀመጣለሁ።»

ቬርለን እምቢ ማለት አምሯት ነበር፤ እምቢ ብትል ደግሞ ማን ይፈርድባት ነበር? «ዝም ብለሽ የምትቀመጪ ከሆነ ነይ» አለቻት።

«ዝም እላለሁ» አለች እናቷ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ቬርለ በኋላ ስትጠየቅ መናገር አትችልም። ቢሮ ሄደች፣ የነጂዎችን የፈረቃ ጥያቄ መለሰች፤ ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ደም እንዳለ ለማየት ፈራች፣ አየች፣ የለም። የማቅለሽለሹ ነገር ረቡዕ ዕለት ጠፍቶ እስከ ማታ አስጨነቃት፤ ሐሙስ ጠዋት ብሶ ሲመጣ ደስ ብሏት አስታወከች። ሮስ አልደወለችም። ዓርብ ማታ ብቻ «ደህና ነሽ?» የሚል መልእክት መጣ፤ ቬርለም «እስካሁን» ብላ መለሰች።

ሰኞ ጎደሊቭ የእሑድ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማረፊያው ውስጥ ከነሱ ቀድማ ተቀምጣ ነበር። ስለ ዝናቡም፣ ስለ ትራሙ ዋጋም አላወራችም። ቬርለ ስሟ ሲጠራ እናቷን አየቻት፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ «ነይ» አለቻት። ጎደሊቭ ገባችና ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች፤ ወንበሩን ዋነስ ቢያመለክታትም አልተቀመጠችም። ያችው ወጣት ሐኪም ናት። እጇ እንደሚቀዘቅዝ ዛሬም ተናገረች። ደመናው መጣ፣ ጥቁሩ ቀዳዳ ተከፈተ፣ ካለፈው ሰኞ ሰፋ ብሏል። ሐኪሟ ለካች። ደግማ ለካች። ዋነስ የቬርለን ጣቶች ጨምድዶ ይዟል። ቬርለ ጣሪያውን ነው የምታየው፤ ስክሪኑን ለማየት አልደፈረችም።

«መቶ ሠላሳ ስምንት» አለች ሐኪሟ። «አድጓልም። ገና ብዙ መንገድ ይቀረናል፣ አሁን ቃል አልገባልዎትም። ግን ዛሬ ደህና ነው።»

ዋነስ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋ። ቬርለ ያኔ ነው የዞረችው። ያ የሩዝ ፍሬ አሁን ራስ አለው፤ ከጎኑ አጫጭር ቡቃያዎች ወጥተዋል፤ መሀሉ ላይ ነጥቡ ዓይን እስኪያደናግር ይርገበገባል። አየችው፣ አየችው። ብዙ ቆይታ እናቷን አስታወሰች።

ጎደሊቭ እዚያው ግድግዳው ጋ ናት። ስክሪኑ ካለችበት አይታይም፤ ለማየትም አንገቷን አላሰገገችም። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ ከንፈሯ ቃሏን ለመጠበቅ ተጣብቆ ነጥቷል። ቬርለ ስታያት ቀና አለች። ሐኪሟን አይደለም፣ ዋነስንም አይደለም፣ ልጇን ነው የጠየቀችው፤

«ልየው?» አለች።

ቬርለ ከትራሱ ላይ ራሷን ወደ ጎን ሸሸት አድርጋ ቦታ ሰጠቻት።